አንድ ስም ለማየት

ሰኞ 3

የሥራ ባልደረባዬን የአባ ቁልፍን ላፕቶፕ ዛሬም እኔ ቤት ይዤው ገባሁ። በወረቀት ላይ የዚህ ሳምንት ተረኛ እሳቸው ናቸው። ተረኛ ላፕቶፑን ቤቱ ይወስዳል፤ ክሊኒካችን ካለባቸው አምስት ከተሞች በአንዱ ያለ ሰርቨር ቢያስቸግር ከቤቱ ሆኖ ያስተካክለዋል። እሳቸው ግን ዝናቡ ከገባ ወዲህ ፊደል እየጠፋባቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ወረቀት አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ሲያነቡ ደረስኩባቸው። «አንቺ ልጅ፣ ትንፍሽ እንዳትይ» አሉኝ። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ነው የቀራቸው። የዐይናቸው ነገር ከተሰማ ነገውኑ ያሰናብቷቸዋል። ሥራውን ያስተማሩኝ፣ ለዚህ ወንበር ያበቁኝ እሳቸው ናቸው፤ እንዴት ትንፍሽ እላለሁ? ተራቸውን እኔ እሠራለሁ፣ ፊርማው የእሳቸው ነው።

የይለፍ ቃላቸውንም ዛሬ ነገሩኝ። የበሽተኞቹ ዳታቤዝ ሙሉ ቅጂ የሚወጣው ሁለት ቁልፍ ሲገባ ነው፤ አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የእኔ። ሁለቱን አንድ ሰው እንዳይዝ የሚከለክለውን ደንብ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ዐይኔን በጨው አጥቤ የራሴን ደንብ ሻርኩት። ሃያ አራት ፊደልና ቁጥር በቃሌ አልይዝም፤ የራሴም በየወሩ ስለሚቀየር ይምታታብኛል። ሁለቱንም እዚሁ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኳቸው። ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚገልጠው የለም። ባለቤቴ ስጽፍ ሲያየኝ «ከውሽማሽ ጋር ጨርሺ፣ እጠብቅሻለሁ» ብሎ እያሾፈ ዞር ይላል።

ረቡዕ 5

አማቴ መጡ። ሻዩ እስኪቀርብ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩ፤ ከዚያ እጄን ያዝ አድርገው፦

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እምቢ እንዳትይኝ።»

«ምን ልታዘዝ እማማ?»

«ያቺ ልጅ… ሙሽሪታችን… እናንተ ክሊኒክ ስትገባ ያያት ሰው አለ።»

ሙሽሪት የምንላት የዋርሳዬን እጮኛ ነው። የሒሳብ መምህር ናት። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አንድ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቷት ነው እሺ ያለችው፤ ሠርጉ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። እኛ ክሊኒክ ደግሞ የሚታከመው አእምሮ ብቻ ስለሆነ በዚያ በር የገባ ሰው ለምን እንደገባ ማንም ያውቃል።

«ሰው ሊጠይቅ ይገባል፤ ወረቀት ሊያደርስ ይገባል» አልኳቸው።

«እሱን ነው እንድታይልኝ የፈለግሁት። አንድ ስም ብቻ! ሌላ ምን ጠየቅሁሽ? ወንድሜ እንዴት እንደሞተ ታውቂያለሽ አይደል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ። ምግቡን በበሩ ሥር ነበር የምገፋለት። እናቴ በዚያ አለቀች። ልጄን እዚያ ቤት ውስጥ አላስገባውም።»

አሳዘኑኝ። ግን እምቢ አልኩ። ብችልም አላይም፣ ደግሞም አልችልም አልኳቸው። ስኒያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ባለቤቴ ወጥ ቤት ዕቃ ያጥብ ነበር። እኛ ስናወራ የቧንቧው ውሃ ድምፅ ቆሞ ነበር። እሳቸው ሲሄዱ እጁን እያደረቀ መጣና «እውነት አንድ ሰው ለይቶ ማየት አይቻልም ወይስ እማዬን ለመሸኘት ነው?» አለኝ። ሥራዬን ጠይቆኝ ስለማያውቅ ደስ ብሎኝ አስረዳሁት፤ አምስት ሰሃን ደርድሬ ሳይቀር። የሰው ስም በአንድ ከተማ፣ ሕመሙ በሌላ፣ መድኃኒቱ በሦስተኛ፤ እያንዳንዱ ሰርቨር የጎረቤቱን ግማሽ ይዟል። ስለዚህ አንዱ ቢቃጠል የሚጠፋ የለም፣ አንዱ ቢሰረቅ የሚነበብ የለም። ስሙ ራሱ ወደ ቁጥር ተለውጦ ነው የሚቀመጠው። አንድን ሰው ለይቶ የሚያየው ሐኪም ብቻ ነው፤ ያውም በሽተኛው ካርዱን ይዞ ፊቱ ሲቀመጥ።

«ሌላ መንገድ የለም?»

«አምስቱንም ገልብጦ አንድ ላይ ካላገጣጠሙት በቀር የለም» አልኩት። ሰሃኖቹን አንድ ላይ ቆለልኩና ሳቅን።

ሐሙስ 6

ሁለተኛው ከተማ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ወደቀ። እስከ ምሳ ከእሱ ጋር። አማቴ ሦስት ጊዜ ለባለቤቴ ደውለዋል፤ ስልኩን ይዞ በረንዳ እየወጣ ነው የሚያወራው። ለእኔ ሰላምታም አልላኩም።

ቅዳሜ 8

ከሙሽሪት ጋር ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድን። ባለቤቴን ና ብለው ራሴን አሞኛል ብሎ ቀረ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጣሁ፤ ይዤው ብዞር በዝናቡ ይበላሻል።

ቀሚሱ ገና በመርፌ የተያያዘ ነው። ልብስ ሰፊዋ «አትተንፍሺ» ስትላት ሙሽሪት «እስከ መቼ? ሠርጉ አንድ ወር ቀርቶታል እኮ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ልብስ ሰፊዋ ክር ልታመጣ ስትወጣ በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ።

«አንቺ የት እንደምትሠሪ አውቃለሁ» አለችኝ። «እኔ ደግሞ የት እንደምታከም አንቺ አታውቂም። ሦስት ዓመቴ ነው።»

 ትከሻዋን ያዝኩ።

«ማወቅ እንደማትችዪ ሐኪሙ ነግሮኛል። የእጮኛዬ ዘመድ እዚህ ትሠራለችና ልቅር ስለው ነው የነገረኝ፤ ማንም ሊያይሽ እንዳይችል አድርጋ የሠራችው እሷው ናት አለኝ። ደፍሬ የቀጠልኩት በዚያ ነው። መድኃኒቱን ከያዝኩ ደኅና ነኝ፤ ሲቋረጥብኝ ነው የምጠፋው። ለእሱም እነግረዋለሁ፤ ከሠርጉ በፊት፣ በራሴ አፍ።»

ለማንም እንደማልናገር ማልኩላት። መማል አልነበረብኝም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

ማታ ስገባ ባለቤቴ ሻይ አፍልቶ ጠበቀኝ። ራስ ምታቱ ለቆታል። ላፕቶፑ ሞቆ ነበር፤ ማሻሻያ ሲጭን ዋለ መሰለኝ። ደብተሬን ከትራሴ ሥር ሳይሆን ከመሳቢያው አገኘሁት። ጠዋት እየተጣደፍኩ እዚያ ከትቼው ይሆናል።

ማክሰኞ 11

ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ የባለቤቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ አገኘሁት። አንድ ጥቁር ዲስክ ለባለቤቴ አቀበለው። እኔን ሲያይ ወሬያቸው ተቋረጠ። «ፊልም ጫንኩለት» አለ። ባለቤቴ እራቱን ነካክቶ ተወው። የሥራ ፍለጋው እያደከመው ነው፤ ሰባት ወር ሆነው።

ዓርብ 14

ሠርጉ ፈረሰ።

ዋርሳዬ ሰክሮ መጣ። ጠጥቶ አያውቅም እኮ። እናቱ ጠርተው የበሽታውን ስም፣ የመድኃኒቱን ስም፣ የጀመረችበትን ዓመት ሳይቀር ነገሩት። «ከየት አመጣሽው ስላት ከታመነ ሰው አለችኝ» አለና ቀና ብሎ አየኝ። ባለቤቴ መስኮት መስኮቱን ያያል።

ከዚያ ልጅቷ ደወለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ነገርሻቸው?»

«አልነገርኩም! በእናቴ ሞት…»

«ቅዳሜ ለአንቺ ነገርኩ፤ ዓርብ እሳቸው አወቁ። ከአንቺ በቀር ለሰው ተናግሬ አላውቅም። እኔ የምነግረው ነገር ነበር እኮ። የእኔ ነበር።» ዘጋችው።

ደብተሩን ከፍቼ የመጨረሻውን ገጽ አየሁ። መልሼ ዘጋሁት። ደክሞኛል።

ሰኞ 17

ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ አምስት ርካሽ ስልኮች አሉ። በየክሊኒኩ መዝገብ ውስጥ አንድ አንድ የሌለ በሽተኛ ፈጥሬ አስገብቻለሁ፤ የእነሱ ስልኮች ናቸው። ቁጥሮቹ ከዳታቤዙ ሌላ የትም አይገኙም። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱ ከጮኸ መዝገቡ ወጥቷል ማለት ነው። ለሁለት ዓመት ባትሪ እየሞላሁ አስቀመጥኳቸው፤ ድምፃቸውን እንኳ ረስቼው ነበር።

ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ የሦስተኛው ከተማ ስልክ ጮኸ። አንድ ትሁት ወጣት፣ የሌለችውን ሴትዮ በስሟ ጠርቶ፣ ለእንቅልፍ ማጣቷ ፍቱን የሆነ ዱቄት ልሽጥልሽ አለኝ።

ጉዴ ፈላ።

ረቡዕ 19

አምስቱም ጮኹ። የአንድ ከተማ ብቻ ቢሆን ከአንዱ ክሊኒክ ወጣ እል ነበር። አምስቱም ከሆነ ሙሉ ቅጂ ነው። ሙሉ ቅጂ የሚወጣው በሁለት ቁልፍ ነው። አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሰው።

ሐሙስ 20

ሥራ አስኪያጇ እኔንና አባ ቁልፍን ጠራችን። የመግቢያ መዝገቡ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፦ ቅዳሜ 8፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ፣ በተረኛው ላፕቶፕ፣ ሁለቱም ቁልፍ።

«ተረኛው እርስዎ ነበሩ» አለቻቸው።

«ነበርኩ።»

«የእሷን ቁልፍ ከየት አገኙት?»

አባ ቁልፍ ወደ እኔ ዞሩ። ዐይናቸው እኔን ሳይሆን ከጀርባዬ ያለውን ግድግዳ ነው ያገኘው። «ጠይቄያት ሰጠችኝ። አስተማሪዋ ነኝ፤ እምቢ ልትለኝ አትችልም» አሉ።

ውሸታቸውን ነው። ላፕቶፑ እኔ ቤት ነበር፣ ቁልፋቸውም እኔ ዘንድ። ለምን እንዳሉት ገብቶኛል። አሁን አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ የያዝኩት» ብል የዐይናቸው ነገር ይወጣል፣ ለዚያ ነው ዝም ያልኩት። ለእሳቸው ብዬ ነው።

ለእሳቸው ብዬ ነው።

ዓርብ 21

አገዷቸው። ኩባያቸውንና መለወጫ ሹራባቸውን በፌስታል ይዘው ወጡ። ጥበቃው ፌስታሉን ከፈተና በረበረ፤ ሃያ ሁለት ዓመት «ደኅና አደሩ» ሲላቸው የኖረ ሰው። አሳንሰር ውስጥ ሁለት ወጣት ሠራተኞች ሲያወሩ ሰማሁ፦ «ሽማግሌው ሸጠን አይደል?» «ለጡረታው ነዋ!» ሳቁ። እኔም ጥጉ ላይ ቆሜ ነበር።

እሑድ 23

እውነቱን እንግዲህ ልጻፈው። ነጥቦቹን ያየሁት ዛሬ አይደለም። ዓርብ 14 ነው ያየሁት፤ ደብተሩንም የዘጋሁት ለዚያ ነው። በመጨረሻው ገጽ፣ ከእያንዳንዱ ፊደልና ቁጥር ሥር አንድ አንድ የእርሳስ ነጥብ አለ። እኔ እርሳስ የለኝም። ባለቤቴ ግን ረጅም ነገር ሲገለብጥ እንዳይዘለው ከሥሩ ነጥብ ያደርጋል፤ የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ እንኳ። ዘጠኝ ቀን አወቅሁና አላወቅሁም አልኩ።

ምሳ በልተን ሳንነሣ ገጹን ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። አልካደም። መካድ ያውቅበታል ብዬ ነበር።

«እማዬ እያለቀሰች ነበር የምትደውልልኝ» አለ። «አንዴ አይቼ እዘጋዋለሁ ብዬ ነው። ገብቼ ብፈልግ ቁጥር ብቻ! እንዳልሺኝ ሙሉውን ገለበጥኩት።»

«እንዳልኩህ።»

«ማገጣጠሙን እኔ ስለማልችል ለጠጋኙ ሰጠሁት። ግን እኮ ዲስኩን መልሶልኛል!»

«ዲስኩን መለሰልህ!» አልኩና ሳቄ መጣ። ሳቁ አልቆም ብሎኝ ውሃ አመጣልኝ። ከእጁ ተቀብዬ ጠጣሁ፤ ምን ላድርግ፣ አሥራ አንድ ዓመት ከዚያ እጅ ጠጥቻለሁ።

ያንን ሁሉ ጥበቃ የሠራሁት አንድ ሰው ተለይቶ እንዳይታይ ነበር። ብቻዋን ልትታይ ስላልቻለች ከአራት ሺህ ሰው ጋር ይዟት ወጣ። ማን ነገረው? እኔ ነኝ በሰሃን ያስተማርኩት።

«አባ ቁልፍ እየተባረሩ ነው» አልኩት።

«ሰምቻለሁ።» ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ይጠቀልላል። «እሳቸው መቼም አርጅተዋል። ሁለት ወር ቢቀድም ቢዘገይ… እኛ ግን ገና ነን፣ እመቤት።»

ልጅቷን ማሳዘኑን ይቅር እለው ነበር፤ ለእናቱ ብሎ ነው። ይህቺን ቃል ግን አልቻልኳትም። እስከ ዛሬ እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ መሰለኝ፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ገጹን ቀድጄ አቃጠልኩት። ደብተሩን በቦርሳዬ ይዤ መዞር ጀምሬያለሁ።

ረቡዕ 26

አልተናገርኩም። ነገ።

ሐሙስ 27

ነገ።

ማክሰኞ 2

አባ ቁልፍ ቤት ሄድኩ። ልጃቸው ናት የከፈተችልኝ። ሬድዮ እየሰሙ ነበር፤ በእግሬ ኮቴ ለዩኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ማን እንደነካው አልጠይቅሽም፤ አትንገሪኝ። ላፕቶፑ የት እንደነበር እኔና አንቺ እናውቃለን፤ ይበቃል። ዐይኔን ደብቄ ቁልፌን ለሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ። የእኔ ሁለት ወር ነው የቀረው፣ የአንቺ ሃያ ዓመት። አስተማርኩሽ እኮ መቀነስ፤ ቀንሺው።»

አለቀስኩ። እሳቸው ስለ ሁለተኛው ከተማ ሰርቨር ጠየቁኝ፤ ማራገቢያው ይጮህ እንደሆነ። እሺ ብዬ ልሄድ ተነሣሁ። እውነቱን ለመናገር እፎይ ብዬ ነበር።

በሩ ላይ ልጃቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ ከቤት አይወጣም» አለችኝ። «ዳቦ እንኳ አብረን እንግዛ ስለው ሰው ያየኛል ይላል። እሱ እኮ የመንደሩን ሰው ሁሉ የሚያሳስቅ ነበር። አንቺ መሥሪያ ቤት አብረሽው ነሽ፤ አድርጎት ነው?»

«አላደረጉትም።»

«ታዲያ ማነው?»

ደረጃውን ወርጄ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ሐሙስ 4

ተናገርኩ። የዐይናቸውን፣ የላፕቶፑን፣ የደብተሩን፣ የባለቤቴን፣ የጠጋኙን። ሥራ አስኪያጇ መጻፍ አቁማ «ባልሽን ነው እየነገርሽኝ ያለሽው» አለች፣ ያልገባኝ ይመስል። አዎ አልኳት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። አሥራ አራት ቀን ይህን ሃያ ደቂቃ ነበር የፈራሁት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ተቀምጧል። ለምርመራ ጠርተውታል። ከዚያም ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል። «ቢያንስ አስቀድመሽ ልትነግሪኝ አትችዪም ነበር?» አለኝ።  ሹራቡን ረስቶ ሄዷል፤ ጠርቼ ልሰጠው ነበር፣ ዝናብ ነው፣ ግን አጣጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ 6

አባ ቁልፍ በይቅርታ ደብዳቤ ይመለሳሉ፤ ዐይናቸውንም መሥሪያ ቤቱ ያሳክማቸዋል። እኔ እሰናበታለሁ። ቁልፌ የሚሰረዘው ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። እስከዚያ አንድ ነገር ለመንኩና ፈቀዱልኝ፦ መዝገባቸው ለተሰረቀባቸው ሰዎች ከሚደውሉት ስምንት ሰዎች አንዷ እንድሆን። ጠጋኙ ዘንድ ያለው ቅጂ ተይዟል። የቅጂው ቅጂ ግን የት የት እንደደረሰ ማንም አያውቅም።

ሰኞ 8

ለዚህ ሥራ ሲባል ቁጥሩን ወደ ስም የሚመልሰው የኮምፒውተር መስኮት ለአራት ቀን ተከፍቶልናል። ስም፣ የልደት ቀን፣ ስልክ። አንድ መስመር ዝቅ ብለን ብንጫን በየትኛው ከተማ መቼ እንደታዩ ይመጣል፤ እሱን መጫን ክልክል ነው። ሌላው ደንብ፦ ያነሣው ሰው ራሱ መሆኑን በልደት ቀኑ ሳታረጋግጪ የክሊኒኩን ስም አትጥሪ። ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ መቶ ሠላሳ አንድ ሰው። አንዱ «ሚስቴ ሰምታለች?» ብቻ ነው ያለኝ፤ ደጋግሞ። አንዷ ሰደበችኝ፣ አመሰገንኳት። አንዲት አሮጊት «ስለደወልሽ ተባረኪ፣ ሰው ደውሎልኝ አያውቅም» ብለው ስለ ዶሮዎቻቸው ሩብ ሰዓት አወሩኝ።

ረቡዕ 10

መቶ አርባ። ድምፄ ሻክሯል። የሙሽሪት ስም የሌላ ሰው ድርሻ ውስጥ ነው። እኔ ልደውልላት ብዬ ተቀበልኩ። ለጥሪው ከተጻፈልን ቃል ውጪ አንድ ዓረፍተ ነገር ልጨምር ነው፤ እኔ እንዳልነገርኩ፣ ግን ከእኔ ቤት እንደወጣ።

ሐሙስ 11

በመጀመሪያው ጥሪ ተነሣ። «አቤት» አለች። ድምፅዋን እንዴት አላውቀውም? የልደት ቀኗን አልጠየቅሁም። ለማውቃት ሴት የልደት ቀን መጠየቅ አፈርኩ።

«እኔ ነኝ፣ እባክሽ እንዳትዘጊው» ብዬ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። የሦስት ዓመት የሕክምና መዝገብሽ ተሰርቋል አልኩ። የክሊኒኩን ስም ጠራሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኩ። 

«እኔ እናቷ ነኝ» አለ ድምፁ።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«የምን ሕክምና ነው? ልጄ ታማ ነው?» መልስ ሳይጠብቁ ቀጠሉ። «ስምንት ቀኗ ነው ከወጣች። ስልኳን አልጋዋ ላይ ትታ። ትምህርት ቤቷ አያውቅም፣ ጓደኞቿ አያውቁም። እኔ ሠርጉ ስለቀረ ተናዳ ነው ብዬ… ልጄ፣ መድኃኒት ትወስዳለች ነው የምትዪኝ? መድኃኒቱ እኮ እዚህ ሊሆን ነው! ይኸው ኮመዲኖው ውስጥ የሆነ ነገር አለ!» ሲያንኳኩ፣ ሲበረብሩ ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብለው፦ «ሌላ ከተማም ክሊኒክ አላችሁ አይደል? እዚያ ሄዳ እንደሆነ አንቺ ዘንድ አይታይም? በሕይወት እንዳለች ብቻ ንገሪኝ።»

ስሟ ፊቴ ነበር። ከሥሩ ያለው መስመርም ነበር። ጣቴ እላዩ ላይ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። የልጅቷን ምስጢር ለእናቷ የነገርኩት ከአንድ ደቂቃ በፊት ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይበላሻል? ግን ከዚያ በላይ ማወቅ የሚችለው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እናትየዋን መስመሩ ላይ አቆይቼ በሌላው ስልክ ተረኛ ሐኪሙን ጠራሁት። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ካርዱ ባይኖርም እሱ መክፈት ይችላል። ነገርኩት። የኪቦርዱ ድምፅ ተሰማኝ፤ ከዚያ ቆመ።

«እናቷን ወደ እኔ አስተላልፊልኝ» አለ።

«ደኅና ናት?»

«ስልኩን አስተላልፊልኝ።»

«ዶክተር፣ አንድ ቃል ብቻ…»

«መናገር እንደማልችል ያስተማርሽን አንቺ ነሽ» አለኝ። ቁጣ አልነበረውም። አስተላለፍኩለት።

ዓርብ 12

ሁለት ሰዓት ላይ አባ ቁልፍ ቁልፌን ሰረዙት። «እግዜር ያበርታሽ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ስልኮቹን፣ መታወቂያዬን፣ የመሳቢያውን ቁልፍ አስረክቤ ወጣሁ።

ዋርሳዬ ከበሩ ውጪ ቆሞ ይጠብቀኛል። አልተላጨም፣ ጫማው ጭቃ ነው፤ አውቶቡስ ተራዎቹን ሁሉ ሲዞር ነው ያደረው። እናቷን አግኝቷቸዋል። ሐኪሙ አነጋግሯቸው፣ ጎረቤት ይዘው በችኮላ ወጥተዋል፤ ወዴት እንደሆነ ለማንም አልነገሩም።

«ስሟ ትናንት ፊትሽ ነበር አይደል?» አለኝ።

«ነበር።»

«የት እንዳለች ማየት ትችይ ነበር።»

«እችል ነበር።»

«እና?»

«አላየሁም።»

የጫማውን ጭቃ ድንጋይ ላይ ጠረገ። ከዚያ «ማየት የማይገባው ሁሉ አያት» አለኝ። «አንቺ ብቻ ነሽ ያላየሻት።» ዞሮ ሄደ።

ትክክል ማድረጌን አውቃለሁ። ቢጠይቁኝ ነገም እንዲያው ነው የማደርገው። አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተቀምጫለሁ፤ የሚደውልልኝ ሰው እንደሌለም አውቃለሁ።